የቆዳ ጫማ፣ ቦርሳና ቀበቶን በቤት ውስጥ ማጥቆር፦ ከፍተሻ እስከ ማሸግ

«ቡኒ ቦርሳዬን ጥቁር ማድረግ እችላለሁ?» «ጫማዬ ደብዝዟል፣ ጠቆር ባደርገውስ?» «ቀለም ቀብቼው ነበር፣ ሸሚዜን አበላሸው፤ ምን ይሻላል?» እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ መልሱን ከነዝርዝሩ አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ይቻላል፣ ቤት ውስጥም በደንብ ይሠራል። ነገር ግን ማቅለሙ ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ሲሆን ዝግጅቱና ማድረቁ አራት አምስት ቀን ይወስዳሉ። ሦስተኛውን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ጊዜ ያሳጠሩ ናቸው። እኔም የመጀመሪያ ቀበቶዬን ያቀለምኩት የፋብሪካ ሽፋኑን ሳላነሳ ነበር፤ ቀበቶው ያምር ነበር፣ በሳምንቱ ግን ነጭ ሸሚዜ ወገቡ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይዞ ቀረ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ያ እንዳይደርስባችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማቅለሚያ ምን ይችላል፣ ምን አይችልም

ማቅለሚያና ቀለም ቅብ አንድ አይደሉም። ማቅለሚያ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ የሚገባ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያሳይ ፈሳሽ ነው። ቀለም ቅብ ደግሞ ላዩ ላይ ተቀምጦ የታችኛውን ይሸፍናል። የጫማ ክሬምና ቀለም ለጊዜው ያጠቁራሉ እንጂ አያቀልሙም፤ አብዛኛው ሰም ስለሆነ ይለቃል።

ማቅለሚያው አሮጌውን ቀለም ስለማይሸፍን ሁለቱ ይደባለቃሉ። ስለዚህ ከደማቅ ወደ ጥቁር መሄድ ይቻላል፣ መመለስ አይቻልም። ቀይ ቦርሳ ላይ ቡኒ ብታደርጉ የሚወጣው ወደ ቀይ ያደላ ቡኒ ነው። ቀይነቱ ካስጠላችሁ ቡኒው ላይ ጥቂት አረንጓዴ ማቅለሚያ ጠብ ማድረግ ያበርደዋል፤ ብርቱካንማ ለሆነ ቆዳ ደግሞ ጥቂት ሰማያዊ። ጠብታ ስል በእርግጥም ጠብታ ማለቴ ነው፤ ለ50 ሚሊ ሊትር ሦስት አራት ጠብታ ጨምራችሁ ሞክሩ፣ ካላነሰ አታክሉ።

ምክሬ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ካለው ቀለም አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ብቻ የጠቆረ ምረጡ። ከማር ቀለም ወደ ጥቁር ቡኒ የሚደረግ ጉዞ ትንንሽ ስህተቶችን ይደብቃል። ከነጭ ወይም ከክሬም ቀለም ወደ ጥቁር ሲኬድ ግን እያንዳንዷ ያልተነካች ቀዳዳ ፊት ለፊት ትታያለች።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የቆዳ ማቅለሚያ፣ በአልኮል ወይም በዘይት የተዘጋጀ። ለአንድ ጥንድ ጫማ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል። ቦርሳ ብዙ ይጠጣል። ከአንድ ጠርሙስ በላይ የሚያስፈልግ ከመሰላችሁ ከመጀመሪያው ሁሉንም አንድ ዕቃ ውስጥ ቀላቅሉ፤ ስሙ አንድ የሆነ ቀለም እንኳ ከጠርሙስ ጠርሙስ ትንሽ ይለያያል፣ ልዩነቱም ሥራው መሃል ላይ ይጋለጣል።
- የሽፋን ማንሻ፦ ንጹሕ አሴቶን፣ እንዲሁም 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ዘይትና ሽቶ ስለሚጨመርበት አይሆንም፤ ዘይቱ ቆዳው ላይ ቀርቶ ማቅለሚያውን ይከለክላል።
- ለቆዳ የሚሆን ሳሙና
- ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ በርከት ያለ። አሮጌ ካናቴራ በጣም ጥሩ ነው። ባለቀለም ጨርቅ አይሁን፣ አሴቶን የጨርቁን ቀለም አውጥቶ ቆዳው ላይ ያሳርፈዋል።
- ስፖንጅ ወይም የሱፍ ራስ ያለው መቀቢያ፣ ለጠርዝና ለስፌት የሚሆን ቀጭን ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ
- ጓንት፣ ቢያንስ ሦስት አራት ጥንድ
- የወረቀት ፕላስተር፣ ዘለበትና ዚፕ ለመሸፈን
- ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ በላዩ ደግሞ ወረቀት
- የቆዳ ቅባት (ማለስለሻ)
- ማሸጊያ (ቀለሙ እንዳይለቅ በመጨረሻ ላዩ ላይ የሚቀባ)፦ በውሃ የተዘጋጀ አክሪሊክ፣ ማለትም ሲደርቅ እንደ ስስ ፕላስቲክ የሚሆን የቆዳ ማሸጊያ፣ አንጸባራቂ ወይም ደብዛዛ

ጥንቃቄ

አሴቶንና አልኮል እሳት በፍጥነት ይይዛሉ። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ስለዚህ ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃ፣ ሻማ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ሲጋራ ባለበት ክፍል አትሥሩ። በረንዳ ወይም ሁለት መስኮት የተከፈተበት ክፍል ይሁን። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማችሁ አቁማችሁ ውጡ።

አሴቶን ስስ ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። ጓንቱ ከላላ ወይም ከተጣበቀ ወዲያው ቀይሩት። የነከራችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ፤ ውጭ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ጣሉት። ልጆችና የቤት እንስሳት እዚያ አካባቢ አይኑሩ። የተረፈ ማቅለሚያ ወደ ፍሳሽ አይደፋ።

እርምጃ 1፦ ቆዳው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ይህን ፍተሻ የዘለለ ሰው ቀሪውን ሥራ በጨለማ ነው የሚሠራው። ከዕቃው ላይ የማይታይ ቦታ ምረጡ፦ የቦርሳ ክዳን ሥር፣ የጫማ ምላስ፣ የቀበቶ ጫፍ።

ሀ. አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፉ። ውሃው በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ቦታው ከጠቆረ ቆዳው ክፍት ነው፣ በቀላሉ ይቀለማል። እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ከቆመ ላዩ ላይ ሰም ወይም የፋብሪካ ሽፋን አለ ማለት ነው።

ለ. የጆሮ ጥጥ አሴቶን አስነክታችሁ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ እሹ። ጥጡ ቀለም ካነሳና ቦታው አብረቅራቂነቱን ካጣ ሽፋኑ ይነሳል፣ መቀጠል ትችላላችሁ። ምንም ለውጥ ከሌለ ሽፋኑ በአሴቶን የማይሟሟ ጠንካራ ፕላስቲክ (ፖሊዩሬቴን) ነው፤ ማቅለሚያ አይገባውም። ቦታው ከተጣበቀ፣ ካበጠ ወይም ከተላጠ ደግሞ ቆዳ ሳይሆን ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ነው፤ እዚሁ አቁሙ።

ሐ. የተቆረጠ ጠርዝና ጀርባውን እዩ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ የተጠላለፈ ቃጫ ይታይበታል፤ ቆዳ መሰሉ ከሥሩ የተሸመነ ጨርቅ አለው።

ከፍተሻው በኋላ መንገዱ ይለያያል። ክፍት ቆዳና ሽፋኑ የሚነሳ ቆዳ ከእርምጃ 2 ይቀጥላሉ። ሽፋኑ እምቢ ያለ ቆዳ (ብዙ ሶፋና የመኪና ወንበር እንዲህ ነው) የሚፈልገው ተለጣጭ አክሪሊክ የቆዳ ቀለም ቅብ ነው፦ ማጽዳት፣ ላዩን በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማደብዘዝ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ከዚያ ከሦስት እስከ አምስት ስስ ቅብ፣ እያንዳንዱን እያደረቁ። እንደ ከፋይ የሚለሰልሰው ስዌድ በማቅለሚያ ይጠቁራል፤ ነገር ግን በአክሪሊክ አይታሸግም፣ ፀጉሩን ያጣብቀዋል። ማቅለሚያው ሲደርቅ በብሩሽ ፀጉሩን አነቃቁና ለስዌድ በሚሆን መከላከያ ስፕሬይ ጨርሱ። እንደ መስታወት የሚያበራውን ቆዳ ግን አትንኩት፤ መልኩ ራሱ ሽፋኑ ነው።

እርምጃ 2፦ ፍቱ፣ አጽዱ፣ ሸፍኑ

የጫማ ማሰሪያና የውስጥ ሶል አውጡ፣ ሊፈታ የሚችል ዘለበት ፍቱ። በሳሙናና በጥቂት ውሃ አቧራውን፣ ላቡንና አሮጌ ክሬሙን ጥረጉ። ቆዳውን አትዘፍዝፉት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ሲደርቅም ቅርጹ ይጣመማል። ጥላ ሥር ለአንድ ሌሊት ይድረቅ። እርጥብ ቆዳ ላይ የሚቀጥለውን እርምጃ ብትጀምሩ አሴቶኑ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ጉልበቱን ያጣል።

ከዚያ ዘለበቱን፣ ዚፑን፣ የገበሩን ጠርዝና የጫማ ሶሉን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። ፕላስተሩን በጥፍር ጥብቅ አድርጋችሁ ጫኑት፤ ማቅለሚያ በጣም ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ትንሿን ክፍተት ፈልጎ ይገባል። ጫማና ቦርሳ ውስጥ ነጭ ወረቀት ጠቅጥቁ። ጋዜጣ እርጥበት ሲያገኝ ቀለሙን ገበሩ ላይ ያትማል።

ስፌቱን ልብ በሉ። የጥጥና የበፍታ ክር ማቅለሚያ ይጠጣል፣ ከቆዳው ጋር አብሮ ይጠቁራል። ፖሊስተር ክር አይቀበልም ማለት ይቻላል፤ ነጭ ከሆነ ጥቁሩ ቆዳ ላይ ጎልቶ ይቀራል። ይህ አንዳንዴ ያምራል። የማትፈልጉት ከሆነ ግን አሁኑኑ እወቁት፤ ክር በብዕር ቀለም ማጥቆር ጊዜያዊ ነው።

እርምጃ 3፦ የፋብሪካ ሽፋኑን አንሱ

ከዚህ ሁሉ አንድ እርምጃ ብቻ በትጋት የምትሠሩ ከሆነ ይህን ይሁን። ቆዳው ላይ ያለው ስስ ሽፋን ማቅለሚያውን እንደ ጃንጥላ ይከለክለዋል። ያልገባው ማቅለሚያ ላዩ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በልብስ፣ በእጅ፣ በዝናብ ይለቃል። ሸሚዜን ያበላሸው ይኸው ነው።

ነጭ ጨርቅ አሴቶን አስነኩ፤ ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ። መዳፍ በምታክል ቦታ እየከፋፈላችሁ በክብ እንቅስቃሴ እሹ። ጨርቁ ቡኒ መሆን ይጀምራል፤ ንጹሑን ጎን እያገላበጣችሁ ቀጥሉ። ያው ቆሻሻ ጨርቅ ላይ ከቆያችሁ ያነሳችሁትን ሽፋን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። በኃይል መጫን አያስፈልግም፤ ቆዳው ሲለሰልስ ላዩ በቀላሉ ይጫጫራል።

እስከ መቼ? ላዩ ወጥ የሆነ ድብዘዛ እስኪይዝና የውሃ ጠብታ በየቦታው እስኪሰርግ ድረስ። ጠብታውን በአምስት ስድስት ቦታ ሞክሩ፤ በተለይ መታጠፊያና ስፌት ዳር። እነዚያ ቦታዎች ላይ ሰምና ክሬም ስለሚከማች ሽፋኑ ቶሎ አይለቅም። ውሃው አንድ ቦታ ሰርጎ ሌላ ቦታ ከቆመ፣ ማቅለሚያውም ልክ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ጫማ ላይ ከሆናችሁ ሶሉ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ አሴቶን አታርከፍክፉ፤ ማጣበቂያውን ይፈታል። እዚያ በጆሮ ጥጥና በአልኮል ብቻ ሥሩ። አልኮል ደከም ያለ ነው፣ ግን ለስለስ ያለና ለስስ ሽፋን በቂ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ቆዳው ደረቅ፣ ገርጣ ያለና አሳዛኝ መልክ ይኖረዋል። አትደንግጡ፣ መሆን ያለበት ይኸው ነው። ለ30 ደቂቃ አናፍሱት። ቅባት አሁን አትቀቡ።

እርምጃ 4፦ ሞክሩ፣ ጠብቁ

የማይታየው ቦታ ላይ ማቅለሚያውን ቀቡና እስከ ማግስቱ ተዉት። እርጥብ እያለ የምታዩት ቀለም ከእውነተኛው የጠቆረ ነው፣ ሲደርቅ ይገረጣል፣ ቅባት ሲያገኝ ደግሞ እንደገና ጠቆር ይላል። ስለዚህ የመጨረሻ መልኩን ለማየት የደረቀው ሙከራ ላይ ቅባት ጠብ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩት። የአምፖል ብርሃን ቡኒን ወደ ቢጫ ይጎትታል።

ጠቆረባችሁ? ማቅለሚያውን በራሱ ማቅጠኛ፣ በአልኮል የተዘጋጀ ከሆነ በአልኮል፣ እኩል በእኩል አቅጥኑት። ልምድ ለሌለው ሰው የመጀመሪያውን ቅብ ሁልጊዜ እንዲያቀጥን እመክራለሁ። የቀጠነ ማቅለሚያ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደረብ ወፍራሙ አንዴ ከሚቀባው ይበልጥ ወጥ ይሆናል፤ ስህተት ብትሠሩም የምታርሙበት ቦታ ይቀራችኋል።

እርምጃ 5፦ አቅልሙ

ጓንት አድርጉ። እጅ ላይ የወደቀ ማቅለሚያ ለቀናት አይለቅም፤ በአሴቶን መታጠብ ደግሞ የእጃችሁን ተፈጥሯዊ ቅባት ያጠፋል።

1. አንድ ሙሉ ክፍል ምረጡ፦ ከስፌት እስከ ስፌት ያለ አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የጫማው አፍንጫ ወይም የቦርሳው አንድ ጎን። አንድ ክፍል መሃል ላይ አትቁሙ። የደረቀው ጠርዝ ላይ አዲሱ ሲደረብ መስመር ይሠራል፣ ያ መስመር አይጠፋም።

2. መቀቢያውን ነክራችሁ ትርፉን በጠርሙሱ አፍ ላይ ጭመቁ። የመጀመሪያውን ንክኪ ጠረጴዛው ላይ ባለ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ወደ ቆዳው። ቆዳው የተራበ ስለሆነ የመጀመሪያዋን ጠብታ በነካችበት ቦታ ይውጣታል፤ ያ ቦታ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል።

3. በትንንሽ ክቦች ፍጠኑ፣ እያንዳንዱ ክብ ያለፈውን ግማሽ ይንካ። ወጥ አለመሆኑ አሁን አያሳስባችሁ።

4. የመጀመሪያው ቅብ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይድረቅ። ሁለተኛውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሦስተኛውን ከላይ ወደ ታች ሂዱበት። አቅጣጫ መቀየሩ አንዱ ቅብ የዘለለውን ሌላው እንዲያገኘው ያደርጋል።

5. ስፌት ውስጥ፣ ጠርዝ ላይና መታጠፊያ ሥር በቀጭን ብሩሽ ግቡ። ጫማን በእጃችሁ እጠፉት፣ የቀበቶ ቀዳዳዎችን በጆሮ ጥጥ ንኩ፣ የቦርሳን ክዳን ገልብጡ። ዕቃው በአገልግሎት ላይ ሲታጠፍ አሮጌው ቀለም ብልጭ የሚለው ከእነዚህ ቦታዎች ነው።

ከሦስተኛው ቅብ በኋላ ትታችሁት እደሩ፣ አራተኛ ያስፈልግ እንደሆነ ጠዋት ወስኑ። ማታ ደክሟችሁ «አንድ ልጨምር» የሚለው ሐሳብ ብዙ ቆንጆ ሥራ አጥፍቷል።

እርምጃ 6፦ አድርቁ

24 ሰዓት፣ በክፍል ሙቀት፣ አየር ባለበት። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ በፀጉር ማድረቂያም አታፋጥኑ። ሙቀት ፈሳሹን ወደ ላይኛው ገጽ ይስበዋል፣ ማቅለሚያውም አብሮት ይወጣና ላዩ ላይ ይከማቻል፤ ቆዳውም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

እርምጃ 7፦ ትርፉን ጥረጉ

ደረቅ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ በደንብ እሹ። ጨርቁ ይጠቁራል። ይህ ማቅለሚያው «እየለቀቀ» ሳይሆን ያልሰረገው ትርፍ እየተነሳ ነው፤ ዛሬ በጨርቅ ካልወጣ ነገ በልብስ ይወጣል። ጨርቅ እየቀየራችሁ ንጹሕ እስኪሆን ቀጥሉ። ጥቁር ማቅለሚያ ላይ አራትና አምስት ጨርቅ ሊወስድ ይችላል።

ጥቁር ከሠራችሁ ላዩ ላይ ሰማያዊ ወይም የነሐስ የመሰለ ነጸብራቅ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህም ላዩ ላይ የደረቀ ትርፍ ማቅለሚያ ነው። በጨርቅ እምቢ ካለ በትንሹ አልኮል የነካ ጨርቅ አንዴ ብቻ ፈጠን ብላችሁ አሳልፉበትና እንደገና እሹት።

እርምጃ 8፦ ቅባት መልሱለት

አሴቶኑና አልኮሉ የቆዳውን ቅባት ወስደዋል። ሳትመልሱለት ብታሽጉት መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ስስ አድርጋችሁ በጨርቅ ቀቡ፣ ሌላ 24 ሰዓት ስጡት። ቅባቱ ሲሰራጭ ቀለሙን ያመሳስለዋል፣ ጥቃቅን ልዩነቶችም ይጠፋሉ።

ማብዛት ግን ይጎዳል። በቅባት የጠገበ ቆዳ ይላላል፤ አክሪሊክ ማሸጊያውም አይዘውም፣ እንደ ፊልም ይላጣል። ላዩን በጣት ነክታችሁ የሚያንሸራትት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንድ ቀን ጨምሩ።

እርምጃ 9፦ አሽጉ

ስፖንጁን በጥቂት ውሃ አርጥባችሁ ጭመቁት፣ ማሸጊያ አስነኩትና በአንድ አቅጣጫ ስስ ቅብ አሳልፉ። ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትሹ፤ መድረቅ የጀመረው ሲነካካ አረፋና ጭረት ይሠራል። 30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ ሁለተኛ፣ ቀበቶ ወይም ልብስ የሚነካ የቦርሳ ጎን ከሆነ ሦስተኛ ጨምሩ። አንድ ወፍራም ቅብ ሦስቱን አይተካም፤ ወፍራም ሽፋን ቆዳው ሲታጠፍ ይሰበራል።

ንብ ሰም ብቻ መቀባት ለሚወዱ፦ መልኩ ከአክሪሊክ የበለጠ ተፈጥሯዊ ነው፣ ለጫማና ለመጽሐፍ ልባስ እኔም እመርጠዋለሁ። መልቀቅን የመከላከል አቅሙ ግን ያንሳል። ሰውነት ለሚነካ የሰዓት ማሰሪያ፣ ለቀበቶና ለቦርሳ ማንገቻ አልመክረውም፤ ላብ ያልፈዋል።

እርምጃ 10፦ ከመልበሳችሁ በፊት ፈትኑ

ማሸጊያው ከደረቀ ከአንድ ቀን በኋላ ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ አንድ ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ እሹ። ጨርቁ ነጭ ከቀረ አልቋል። ትንሽ ቀለም ካሳየ አንድ ማሸጊያ ጨምሩ። በደንብ ከጠቆረ ግን ትርፉ አልተጠረገም ወይም የፋብሪካ ሽፋኑ አልተነሳም ማለት ነው፤ ማሸጊያ መደራረብ አያድነውም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነጭ ልብስና ነጭ ሶፋ አታገናኙት።

ሌላ መንገድ፦ ያለ ማቅለሚያ ማጥቆር

በእጽዋት ማልፊያ የለፋ ቆዳ ካላችሁ (ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ፣ ጠርዙ ቡኒ፣ ጠብታ ውሃ ወዲያው የሚያጠቁረው) ሁለት ቀላል አማራጮች አሉ።

በጥቂቱ ብቻ ማጥቆር ለፈለገ የቆዳ ዘይት ይበቃል። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ቀን ጠብቁ፣ ካስፈለገ ድገሙ። ቀለሙ ከማር ወደ ካራሜል ይሄዳል።

ጥቁር ለፈለገ ደግሞ የብረትና የአቼቶ ውሕድ አለ። የብረት ሱፍ ከዘይቱ እንዲጸዳ በሳሙና ታጥቦ አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቀመጣል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል። ብረቱ ሲሟሟ ሃይድሮጂን ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑን ፈጽሞ አታጥብቁት፤ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከእሳት ይራቅ። ፈሳሹ ሲቀባ ብረቱ ቆዳው ውስጥ ካለው ታኒን (ከእጽዋት ማልፊያው የቀረ ንጥረ ነገር) ጋር ተዋሕዶ በደቂቃዎች ውስጥ ግራጫ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ እዚያው ቆዳው ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ እንደ ማቅለሚያ አይለቅም። ቆዳው ታኒን ካነሰው አስቀድሞ በጣም የጠነከረ ሻይ መቀባት ይረዳል። በመጨረሻ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ሟሙቶ በጨርቅ ይጠረግበታል፣ አሲዱን እንዲያበርደው፤ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ሲደርቅ ቅባት። በእጽዋት ፋንታ በክሮም ኬሚካል የለፋ ቆዳ ላይ ይህ አይሠራም፣ ታኒን የለውምና። የፋብሪካ ሽፋንም ካለ እርምጃ 3 እዚህም ግዴታ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

የጨርቅ ማቅለሚያ በፈላ ውሃ መጠቀም። እርጥብ ቆዳ ሙቀት አይችልም፤ በእጽዋት የለፋው ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይኮማተራል፣ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠጥራል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለም።

ቀለሙን «ለማፍዘዝ» በረኪና መጠቀም። በረኪና የቆዳውን ቃጫ ራሱን ይበላዋል። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከዚህ ሥራ አካባቢ ጭራሽ አይድረስ።

ዝንጉርጉር ሆኖ ሲወጣ ጠርሙሱን መድገም። መጀመሪያ ምክንያቱን እዩ፦ ደማቅ ሆኖ የቀረው ቦታ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ከቆመ ሽፋን ቀርቷል፣ እዚያ ብቻ በአሴቶን አንስታችሁ ያንን ክፍል በሙሉ እንደገና አቅልሙ። ከሰረገ በቀጠነ ማቅለሚያ አንድ ዙር በቂ ነው።

ማሸጊያው ተሰነጠቀ ወይም ነጣ። ወፍራም ተቀብቷል፣ ወይም ቅባቱ ሳይደርቅ ታሽጓል። በአልኮል ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ ትንሽ ማቅለሚያም አብሮ ይወጣል፣ አንድ ስስ ቅብ ማቅለሚያ መልሱና በስሱ እንደገና አሽጉ።

አንዱን ጫማ ዛሬ፣ ሌላውን በሳምንቱ መሥራት። ጥንዱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንድ ቅብ ግራውን፣ አንድ ቅብ ቀኙን እያደረጋችሁ አብራችሁ ጨርሱ። ተለያይተው የተሠሩ ጫማዎች አንድ ዓይነት ቀለም ሲያወጡ እስካሁን አላየሁም።

የተረፈውን ማቅለሚያ በትንሽ ጠርሙስ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ከብርሃን ሸሽጋችሁ አስቀምጡ፤ የቀለሙን ስምና ያቀጠናችሁበትን መጠን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። አፍንጫው ሲፋቅ ወይም ማንገቻው ሲላጥ በጆሮ ጥጥ አንድ ንክኪ፣ በማግስቱ ትንሽ ማሸጊያ ይበቃዋል።